የሳተርን ቀለበት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ያወጣል? ከአዳማስ በራዲዮ ይሰማል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አዳማ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምሩ ጠያቂ «ቮዬጀር ሳተርን ሲደርስ ከቀለበቶቹ የሚወጣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በራዲዮ ቀዳ የሚል አንብቤያለሁ። የበረዶ ቁርጥራጮች ሲጋጩ ቻርጅ ይዘው ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? ከተማሪዎቼ ጋር አንቴና ሠርተን እዚሁ ልንሰማው እንችላለን?» ብለዋል።

መምህር፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። የናሳ መንኮራኩር ቮዬጀር የቀዳው ነገር እውነት ነው፤ ምንጩ ግን የሳተርን ደመና እንጂ ቀለበቱ አይደለም። መብረቅ ነው። ከአዳማ በሽቦ አንቴና አይሰማም፤ ምን ያህል እንደሚጎድል ከታች በቁጥር አስቀምጫለሁ። በዚያው አንቴና ግን ጁፒተርን መስማት ይቻላል፣ ለዚህ ደግሞ አዳማ ከአውሮፓ የተሻለ ቦታ ነው። ያነበቡት ጽሑፍ ቀለበቱን ምንጭ ማድረጉ ከባዶ የተነሳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ባለሙያዎች የያዙት ሐሳብ ነበር። የወደቀበት መንገድ ለክፍል ትምህርት ትልቅ ጥቅም ስላለው እሱ ላይ ረዘም እላለሁ።

ቮዬጀር 1 እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1980 በሳተርን አጠገብ ሲያልፍ የራዲዮ መሣሪያው ከ1.2 ኪሎኸርዝ እስከ 40.2 ሜጋኸርዝ ያዳምጥ ነበር። የቀዳቸው ምቶች አጫጭር ናቸው፤ የብዙዎቹ ዕድሜ በአስር ሚሊሰከንዶች ይቆጠራል። ተሰባስበው ይመጣሉ፣ ለሰዓታት ይቆያሉ፣ ይጠፋሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። ከአንዱ ዙር እስከ ቀጣዩ 10 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ነው። ሳተርን ራሱ በመግነጢሳዊ መስኩ ሲለካ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ10 ሰዓት ከ39 ደቂቃ እንደሆነ ተይዞ ስለነበር፣ የምቶቹ ምንጭ ከፕላኔቱ ፈጥኖ የሚዞር ነገር መሆን ነበረበት።

ቀለበቱ ይፈጥናል። ተማሪዎችዎ በኬፕለር ሕግ ሊያሰሉት ይችላሉ፦ ለሳተርን የስበት ቋሚው ከመጠነ ቁሱ (ማስ) ጋር ተባዝቶ 3.79 × 10¹⁶ (በሜትር ኪዩብ በሰከንድ ካሬ) ነው፤ ከማዕከሉ 109,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ማለትም ቢ ቀለበት በሚባለው የቀለበቱ ክፍል ውስጥ፣ የሚዞር በረዶ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ36,700 ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም በ10 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። ከምቶቹ ጋር በጣም ይቀራረባል። ቀለበቱን የደገፉት ሰዎች ቢ ቀለበት ውስጥ አንድ የተለየ አካል አለ ብለው ያመኑት በዚህ ነው።

ግን ሌላም የሚፈጥን ነገር አለ። በሳተርን ወገብ ላይ ያለው ነፋስ በሰከንድ እስከ 500 ሜትር ድረስ ከፕላኔቱ መሽከርከር ይቀድማል። ይህን በወገቡ ላይ ካለው የመሽከርከር ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 9.87 ኪሎ ሜትር ከሚሆነው ጋር ሲደምሩት፣ ደመናው በ10 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ገደማ ይዞራል። ሁለቱ መላምቶች አንድ ቁጥር ላይ ገጠሙ ማለት ነው። ስለዚህ የዙሩ ጊዜ ብቻውን ሊፈርድ አልቻለም። ለተማሪ የማሳየው ነገር ቢኖር ይህን ነው፤ ከልኬት ጋር የገጠመ መላምት ሁሉ ተረጋገጠ ማለት አይደለም።

የፈረደው ከምቶቹ ውስጥ የጎደለው ፍሪኩዌንሲ ነው። ኤሌክትሮኖች በተጠጋጉበት ጋዝ ውስጥ ከተወሰነ ገደብ በታች ያለ የራዲዮ ሞገድ አያልፍም። ገደቡ በሜጋኸርዝ ሲሰላ 0.009 ሲባዛ በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያለው የኤሌክትሮን ብዛት ካሬ ሥር ነው። ከሳተርን የመጡት ምቶች ብዙውን ጊዜ የታችኛው ክፍላቸው ተቆርጦ ነው የሚደርሱት፤ ቀን በሆነበት ወገን በኩል ሲመጡ ከ5 ሜጋኸርዝ ገደማ በታች ያለው የለም፣ በሌሊቱ ወገን ደግሞ ገደቡ ዝቅ ይላል። 5 ሜጋኸርዝን ወደ ኤሌክትሮን ብዛት ሲመልሱት በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 300,000 ያህል ይሆናል። ይህ የፕላኔት አዮኖስፌር፣ ማለትም ኤሌክትሮን የሞላበት የላይኛው አየር፣ ቁጥር ነው። በቀለበቱ ዙሪያ ያለው ፕላዝማ (ኤሌክትሮኖቹ የተለዩበት ጋዝ) እጅግ ስስ ነው፤ 100 ኤሌክትሮን አለ ብንል እንኳ ገደቡ 90 ኪሎኸርዝ ብቻ ይሆናል። ቀለበቱ ላይ የተነሳ ብልጭታ ከ90 ኪሎኸርዝ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ይዞ ቮዬጀር ዘንድ መድረስ ነበረበት። ምቶቹ የታችኛው ክፍላቸው የተቆረጠው ከታች ተነስተው አዮኖስፌሩን ሰንጥቀው ስለወጡ ነው።

ቀለበት ደጋፊዎቹ አንድ ጥሩ መከራከሪያ ነበራቸው፦ ቮዬጀር 1 ለፕላኔቱ እጅግ በቀረበበት ሰዓት ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲዎችም ተሰምተዋል። ጆሴፍ በርንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረቡት መልስ፣ የቀለበቱ ጥላ በሚያርፍበት ቦታ የፀሐይ ብርሃን ስለሚቀንስ አዮኖስፌሩ ይሳሳል፣ ሞገዱም በዚያ በኩል ያልፋል የሚል ነው። በዚያው ዓመት ማይክል ካይዘርና ባልደረቦቹ የምቶቹን መጀመሪያና ማብቂያ ሰዓት ከቮዬጀር አቅጣጫ ጋር አገናዝበው በወገቡ ላይ የተዘረጋ አንድ የነጎድጓድ ማዕበል ሁሉንም እንደሚገልጽ አሳዩ።

ከቮዬጀር በኋላ የተላከው መንኮራኩር ካሲኒ የመጨረሻውን ጥርጣሬ አስወገደ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1 ቀን 2004 ሳተርን ዙሪያ ከገባ በኋላ፣ ምቶቹ የሚሰሙት በደቡብ 35 ዲግሪ ኬክሮስ ያለ የማዕበል ደመና ወደ መንኮራኩሩ ሲዞር መሆኑ በፎቶግራፍ ታየ፤ ዙራቸውም ከ10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ሆነ፣ ማዕበሉ አሁን ወገቡ ላይ አልነበረምና። በኦገስት 2009፣ ፀሐይ ከሳተርን ወገብ ትይዩ ሆና የቀለበቱ ብርሃን በደከመበት ወቅት፣ የካሲኒ ካሜራ የመብረቁን ብልጭታ ራሱን በሌሊቱ ወገን ቀረጸ። በዲሴምበር 2010 በሰሜን 35 ዲግሪ አካባቢ የተነሳው ታላቅ ነጭ ማዕበል ደግሞ በሰከንድ ከ10 በላይ ምቶች ይልክ ነበር።

ወደ ቻርጁ ጥያቄዎ ልመለስ፤ ግምትዎ ጥሩ ፊዚክስ ነው፣ በቁጥር መፈተን ይገባዋል። ቀለበቱ ውስጥ ያለው በአብዛኛው የውሃ በረዶ ነው፣ ከሳንቲ ሜትር እስከ አስር ሜትር የሚደርስ። በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርና በፕላዝማው ምክንያት ጥቂት ቮልት ይይዛል። 1 ሜትር ራዲየስ ያለው የበረዶ ድቡልቡል 10 ቮልት ያዘ እንበል። ካፓሲታንሱ (ቻርጅ የመያዝ አቅሙ) 1.1 × 10⁻¹⁰ ፋራድ ነው፣ የያዘው ኢነርጂም 5.6 × 10⁻⁹ ጁል። አሁን ከምቱ ጋር ያስተያዩት። ኃይለኛ የሳተርን ምት በእያንዳንዱ ኸርዝ ከ10 እስከ 100 ዋት ይረጫል፤ 50 ዋት በኸርዝ፣ 20 ሜጋኸርዝ ስፋት፣ 50 ሚሊሰከንድ ብንወስድ 5 × 10⁷ ጁል ይሆናል፣ ያውም በራዲዮ ብቻ። ይህን ለማውጣት እንደዚያ ያሉ 10¹⁶ የሚሆኑ ድቡልቡሎች በአንዲት ቅጽበት ቻርጃቸውን ማራገፍ አለባቸው።

ሌላም እንቅፋት አለ። ጎረቤታሞቹ በረዶዎች በአንድ ፀሐይና በአንድ ፕላዝማ ስለሚሞሉ የያዙት ቮልት ይቀራረባል፣ ስለዚህ ብልጭታ የሚዘልበት ልዩነት ይጠፋል። ብልጭታ እንዲፈጠር ደግሞ የሚሰነጠቅ ጋዝ ያስፈልጋል፣ ቀለበቱ ውስጥ ያለው ግን ባዶ ቦታ ነው ማለት ይቻላል። ደመናው ውስጥ ሁሉም ተሟልቷል፦ የአየር ግፊቱ ወደ 10 ባር በሚጠጋበት ጥልቀት ላይ የውሃ ደመና አለ፣ ከባድና ቀላል በረዶ በሽቅብ ነፋስ እየተፋተገ ቻርጁን በኪሎ ሜትሮች ይለያያል፣ የሚሰነጠቅ ሃይድሮጅን ሞልቷል። የአንዱ መብረቅ ኢነርጂ በቢሊዮን ጁል ይለካል።

ቀለበቱ በኤሌክትሪክ ሙት ነው ማለቴ አይደለም። ቢ ቀለበት ላይ ስፖክ የሚባሉ፣ በሺዎች ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ የደቃቅ ብናኝ ጭረቶች በደቂቃዎች ውስጥ ብቅ ይላሉ፤ ቮዬጀሮች አዩአቸው፣ ካሲኒም ከሴፕቴምበር 2005 ጀምሮ ቀረጻቸው። እያንዳንዱ ቅንጣት ከሚሊ ሜትር ሺህኛ የማይበልጥ በመሆኑ ትንሽ ቻርጅ ከቀለበቱ ላይ ሊያነሳው ይበቃል። ቻርጁን የሚያመጣው የሜትሮር ግጭት የሚያስነሳው ፕላዝማ ነው የሚሉ አሉ፤ ከታች ካለው መብረቅ የሚነሳ የኤሌክትሮን ጨረር ነው የሚሉም አሉ። ካሲኒ ቀለበቱ ላይ ባለፈበት ሰዓት ከአንድ እስከ ሦስት ሰከንድ የሚቆዩ ጠባብ ፉጨቶችም ቀድቷል፤ እነሱም ከሜትሮር ግጭት ጋር ይያያዛሉ። እነዚህ ፉጨቶች ቀለበቱ አጠገብ ላለ መሣሪያ እንጂ ለምድር አይደርሱም።

በበይነ መረብ ላይ «የቀለበቱ ድምፅ» ተብሎ ከሚሰራጨው ውስጥ ደግሞ ብዙው የብናኝ ምት ነው። መንኮራኩር የቀለበቱን ወለል ሲያቋርጥ ብናኝ በከፍተኛ ፍጥነት አካሉን ይመታና ተንኖ የፕላዝማ ጭስ ይሆናል፣ አንቴናው ያንን የቮልት ዝላይ ይቀዳል። ቮዬጀር 2 በኦገስት 1981 ይህን በብዛት ሰማ። ካሲኒ በኤፕሪል 26 ቀን 2017 በፕላኔቱና በቀለበቱ መካከል ባለው ክፍተት ሲያልፍ ግን ያው መሣሪያ ጸጥ አለ፣ ክፍተቱ ብናኝ የለውምና። ይህ ኩሽኩሽታ የራዲዮ ሞገድ አይደለም፤ ከመንኮራኩሩ አካል አልፎ የትም አይሄድም። ለተማሪዎች ሲያሰሙ ይህንን መለየት የግድ ነው።

አሁን ወደ አዳማ። የሳተርን ምት በእያንዳንዱ ኸርዝ ከ10 እስከ 100 ዋት ይዞ ተነስቶ 1.3 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሲደርስ ከ50 እስከ 500 ጃንስኪ (ከጠፈር የሚደርስ የራዲዮ ሞገድ ጥንካሬ መለኪያ) ገደማ ብቻ ይቀረዋል። አንድ ዳይፖል (ባለ ሁለት ክንድ የሽቦ አንቴና) በ20 ሜጋኸርዝ ላይ ከጋላክሲያችን የሚሰማው የማያቋርጥ ሹክሹክታ ወደ 5 ሚሊዮን ጃንስኪ ይጠጋል። 2 ሜጋኸርዝ ስፋት ይዘው የ50 ሚሊሰከንድ አማካይ ቢወስዱ እንኳ የሹክሹክታው መዋዠቅ ብቻ 15,000 ጃንስኪ ነው። ማጉያ ቢጨምሩ ሁለቱም አብረው ስለሚጎሉ ለውጥ የለውም፤ የሚረዳው የአንቴና ስፋት ብቻ ነው። ዩክሬን ውስጥ በካርኪቭ አቅራቢያ የተተከለው የራዲዮ ቴሌስኮፕ ዩቲአር-2 የሳተርንን መብረቅ ከምድር የሰማው 2,040 ዳይፖሎች ስላሉት ነው፤ ስፋቱ 150,000 ካሬ ሜትር ይደርሳል፣ የእርስዎ ዳይፖል ውጤታማ ስፋት ግን 30 ካሬ ሜትር ገደማ ነው።

ጁፒተር ሌላ ነገር ነው። በ20 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚልከው ኃይለኛ ምት በሚሊዮን ጃንስኪ ይቆጠራል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ በርክና ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1955 በ22.2 ሜጋኸርዝ ላይ ያገኙት ይህንኑ ነው። ምንጩ መብረቅ አይደለም፤ በጁፒተር መግነጢሳዊ መስክ ላይ እየተጠመዘዙ የሚሮጡ ኤሌክትሮኖች ናቸው፣ ብዙውን ጊዜም አዮ የምትባለው ጨረቃ ትቀሰቅሳቸዋለች።

ለአንቴናው የቤት መስመር የሚዘረጋበትን 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይውሰዱ። ለ20.1 ሜጋኸርዝ ጠቅላላ ርዝመቱ 7.09 ሜትር ነው፤ እያንዳንዱን ክንድ 3.54 ሜትር አድርገው ይቁረጡ። ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ ትንሽ ማጠርን ይጠይቃል፣ ለመስማት ግን አምስትና ስድስት ሳንቲ ሜትር ችግር አይፈጥርም። መካከል ላይ የተለመደው የዲሽ ገመድ፣ ማለትም ባለ 75 ኦሙ፣ በቀጥታ ይገጥማል፣ የዳይፖል ኢምፒዳንስ 73 ኦም አካባቢ ስለሆነ። የገመዱን መካከለኛ ሽቦ ከአንዱ ክንድ፣ መረቡን ከሌላው ጋር በደንብ በይደው በፕላስተር ያሽጉት። ከመገጣጠሚያው ሥር ገመዱን 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጥቅል 8 ዙር ይጠቅልሉት፤ ይህ ካልተደረገ የገመዱ የውጭ ክፍል ራሱ አንቴና ሆኖ የቻርጀሩን ጫጫታ ከቤት ይለቅማል።

ከፍታው 3.7 ሜትር ይሁን፣ የሞገዱ ሩብ ማለት ነው፤ ከመሬት የሚመለሰው ሞገድ ተደምሮ ትኩረቱን ሽቅብ ያደርገዋል። በሰሜን አገሮች የተጻፉ መመሪያዎች ሁለት ዳይፖል አጣምረው ወደ ደቡብ እንዲያዘነብሉ ያዛሉ። ለእናንተ አያስፈልግም። አዳማ በሰሜን 8.5 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ጁፒተር ከፍ ሲል ከአናት ከ32 ዲግሪ በላይ አይርቅም። ሽቦውን ከሰሜን ወደ ደቡብ ዘርጉት፤ ዳይፖል በጫፎቹ አቅጣጫ አይሰማም፣ በጎኖቹ ግን ጁፒተርን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ይከተላል።

ሪሲቨሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ርካሹ የዩኤስቢ ሪሲቨር አርቲኤል-ኤስዲአር ቪ3 ከ24 ሜጋኸርዝ በታች የሚሠራው በቀጥታ ናሙና ነው፣ ማለትም ሞገዱን ፍሪኩዌንሲውን ሳያዛውር በቀጥታ ይለካዋል፣ ናሙናውም 28.8 ሜጋኸርዝ ነው። 20.1 ላይ ሲያቆሙት 28.8 ሲቀነስ 20.1፣ ማለትም 8.7 ሜጋኸርዝ ላይ ያለው ጣቢያ ሁሉ ተገልብጦ እዚያው ይወድቃል፤ ያዳመጡትን ጁፒተር ይመስልዎታል። ቪ4ን ይጠቀሙ፣ ፍሪኩዌንሲ ወደ ላይ የሚያዛውር ክፍል በውስጡ አለው። ኤጂሲን (የሪሲቨሩን ማጉላት በራሱ የሚያስተካክለውን ክፍል) ያጥፉት፤ ካልጠፋ ምቱ ሲነሳ ሪሲቨሩ ራሱን ዝቅ ስለሚያደርግ ግራፉ ጠፍጣፋ ይሆናል።

አንቴናው መሥራቱን የሚያረጋግጡት በጋላክሲው ነው። ገመዱን ነቅለው በ75 ኦም ሬዚስተር ሲተኩት ጫጫታው በግልጽ መውረድ አለበት። ካልወረደ ሪሲቨሩ ደንቁሯል ወይም ግንኙነቱ ላልቷል። ከዚያ አንድ ሳምንት ሙሉ ሌሊት ይቅዱ፦ የጋላክሲው ሹክሹክታ ከፍ የሚልበት ሰዓት በየቀኑ 4 ደቂቃ እየቀደመ ይመጣል፤ የከተማው ጫጫታ ግን ሰዓት ጠብቆ ነው የሚነሳው።

ከተማው መሃል ግን አይሞክሩ። የኤልኢዲ አምፖሎች፣ የስልክ ቻርጀሮች፣ የዲሽ ሪሲቨር ፓወር ሰፕላይ እና በአዳማ በኩል የሚያልፈው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር 25 ኪሎቮልት መስመር ሁሉ 20 ሜጋኸርዝን ያበላሻሉ። ከባቡሩና ከከፍተኛ መስመር ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ራቅ ያለ የእርሻ ቦታ ይፈልጉ፣ ላፕቶፑንም በባትሪ ያሠሩ። በበጋ የአዳማ ነፋስ አቧራ ሲያነሳ ብናኙ ሽቦውን እየነካ ቻርጅ ያደርገዋል፤ ካሲኒ ላይ እንደደረሰው ዓይነት ኩሽኩሽታ ይሰማሉ። መድኃኒቱ ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ እና በሁለቱ ክንዶች መካከል የሚገባ 100 ኪሎኦም ሬዚስተር ነው። በክረምት፣ ነጎድጓድ ባለበት ቀን፣ አንቴናውን ነቅለው ገመዱን ከቤት ውጭ ያስቀምጡ፤ ይህንን ለተማሪዎቹ በጥብቅ ይንገሯቸው።

ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት፣ ጁፒተር ከፍ ባለበት ጊዜ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት በምድር ወገብ አካባቢ ያለው አዮኖስፌር ስለሚታወክ ምልክቱ ይዋዥቃል። 20 ሜጋኸርዝ ላይ የምድር ጣቢያዎች ሲጠፉ መንገዱ ወደ ላይ ተከፍቷል ማለት ነው። ጁፒተር ሁልጊዜ አይናገርም፤ ዕድሉ የሚጨምረው አዮ በምሕዋሯ 90 ወይም 240 ዲግሪ አካባቢ ስትሆንና የጁፒተርም ተገቢው ፊት ወደ እኛ ሲዞር ነው፣ ይህን የሚያሰላ ነፃ ሶፍትዌር አለ። ረዣዥሞቹ ምቶች በሰከንዶች ቀስ ብለው ይነሱና ይወርዳሉ፣ አጫጭሮቹ እንደ ፈንዲሻ ይፈነዳዳሉ።

የሰሙት የምድር መብረቅ እንዳልሆነ ለማወቅ ተራ ኤኤም ራዲዮ 1 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባዶ ቦታ ላይ ከፍተው ከጎን ያስቀምጡ። ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ጠቅ ካሉ ምንጩ እዚሁ ያለ ነጎድጓድ ነው፤ ከላይ የመጣ 1 ሜጋኸርዝ በሌሊትም ቢሆን አዮኖስፌራችንን ሰንጥቆ አይወርድም። 20.1 ላይ ብቻ ከተሰማና ኤኤሙ ዝም ካለ፣ በሁለተኛ ሪሲቨር 21 ሜጋኸርዝ ላይም ይፈትሹ፤ የጁፒተር ረጅም ምት በሁለቱም ላይ ይኖራል፣ የአንድ ጣቢያ ምልክት ግን በአንዱ ብቻ። ሁለቱን ቅጂ ሰዓት ጽፈው አብረው ያስቀምጡ፣ ምቱን በኋላ ከአዮ አቀማመጥ ጋር የምታገናዝቡት በእሱ ነው።